የጠፉ ሀገር በቀል ዛፎች እንዴት ይመለሳሉ?

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና በሐብሩ ወረዳ ሲያልፍ የመርሳን ከተማ ያቋርጣል። በዚህ አካባቢ፣ እንደ ሌላው የወሎ ምድር ሁሉ፣ ያረጁ ጽዶችና ወይራዎች ተጠብቀው የሚታዩት በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽርና በመካነ መቃብር ነው። ከዚያ ውጪ ያለው ኮረብታ ለእርሻ፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሲመነጠር ኖሯል። ወይራ ሲጠፋ የወተት ዕቃ ማጠኛውና የጥርስ መፋቂያውም አብሮ ይጠፋል። ታዲያ የጠፋን ዛፍ ለመመለስ ችግኝ መትከል ብቻውን ይበቃልን?

በመጀመሪያ የዛፎቹን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጽድ ግን አንድ ጊዜ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም፤ በተፈጥሮ የሚራባው በዘር ነው። ከዚህም ሌላ ወንዴውና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ በተለያዩ ዛፎች ላይ ስለሚገኙ፣ ፍሬ ለማግኘት ሁለቱ ተቀራርበው መብቀል አለባቸው። ስለዚህ የቀሩት ጥቂት እናት ዛፎች ከተቆረጡ ለችግኝ የሚሆን ዘር ከአካባቢው ይታጣል።

በሁለተኛ ደረጃ መሬቱን መከለል ያሻል። የወይራን ፍሬ ወፎች በልተው ዘሩን ይበትናሉ። ቡቃያውም በቁጥቋጦ ሥር ከፀሐይ ሐሩርና ከከብት ተጠልሎ ያድጋል። እንግዲህ ኮረብታውን ከልቅ ግጦሽ መጠበቅና ቁጥቋጦውን አለመመንጠር ከተከላው የማያንስ ሥራ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር የባለቤትነት ስሜት ነው። ከ1977 ዓ.ም. ረኀብ በፊትና በኋላ በወሎ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ አማካይነት እርከን ተሠርቷል፤ እጅግ ብዙ ችግኝም ተተክሏል። ይሁን እንጂ ገበሬው ዛፉን የመንግሥት ንብረት አድርጎ ያየው ስለ ነበር፣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደኑ በብዙ ስፍራ ተጨፈጨፈ። የዓመታት ድካምም በአጭር ጊዜ ከንቱ ሆነ። በአንጻሩ፣ ከተከለለው ኮረብታ ለከብቱ ሣር የሚያጭድና በዛፉ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ገበሬ የሚጠቀምበትን ደን ራሱ ይጠብቀዋል።

ከዚህ የምንረዳው የተተከለው ችግኝ ብዛት ብቻውን ውጤትን እንደማያሳይ ነው። መቈጠር ያለበት ከዓመታት በኋላ ጸድቆ የተገኘው ዛፍ ነው።

መልመጃ

1. ጽድና ባሕር ዛፍ ከተቆረጡ በኋላ በምን ይለያያሉ?
2. በ1983 ዓ.ም. ደኑ የተጨፈጨፈበትን ምክንያት በራሳችሁ አባባል አብራሩ።
3. በአካባቢያችሁ እየጠፋ ስላለ አንድ ዛፍ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ አንድ ገላጭ አንቀጽ ጻፉ።