ከ«ዋሪያ» ወዲያ፦ የአማርኛ ልብ ወለድ የሰለቹ ቃላት

ጭሮን፣ የያኔዋን አሰበ ተፈሪን፣ የቆረቆሩት ሰው የአማርኛ ተውኔትንም የጀመሩ ናቸው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ አጋማሽ የጨርጨር ገዥ ሆነው ሲሾሙ ግዛቷን ለሌላው አገር ምሳሌ ሊያደርጓት ተነሡ፤ ከተማዋንም የአስተዳደራቸው መቀመጫ አደረጓት። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ፣ «የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለ ተውኔታቸው አዲስ አበባ ታይቷል። ሰውየው ወጣትነታቸውን በሩሲያ ትምህርት ቤት ያሳለፉ ስለነበሩ ለርእሳቸው የግእዝ ቃል ሲያስሱ አልዋሉም፤ «ኮመዲያ»ን እንዳለ ወሰዱት። በአንጻሩ ሹማምንቱን በስማቸው መጥራት ስለማይቻል አውሬዎችን አናገሩ። ቤተ መንግሥቱ ነገሩ ወዲያው ገባውና ቴአትር ለዓመታት ተከለከለ። እንግዲህ የቃል ምርጫ ከጌጥ ያለፈ ጉዳይ እንደሆነ የአማርኛ ድርሰት ገና ሲነሣ አይቶታል። ከሞቱ በኋላ የታተመው የሕይወት ታሪካቸው ደግሞ «ኦቶባዮግራፊ» ተብሏል። ድፍረታቸው ይገርመኛል፤ በኋላ የመጡ ብዙ ጸሐፊዎች ያጡት እሱን ነው።

ልብ ወለድ ደግሞ ስሙን ራሱን ያገኘው ከአንድ መጽሐፍ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው። የአፈወርቅ አማርኛ ቃል በቃል ላይ የሚከምር፣ አንዱን ነገር በሦስት ስም የሚጠራ ነው። ያ ልማድ ሳይሞት ቆይቷል። የተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸው በ1941 ዓ.ም. «አርአያ»ን ሲጽፉ ግን ወደ ቀላሉ ዐረፍተ ነገር አዘነበሉ፤ መጽሐፉም በተማሪው ዘንድ ለብዙ ዘመን ተነበበ።

ከዚያ ወዲህ ታላላቆቹን የሚለያቸው አንዱ ነገር ቃል የሚቀዱበት ጉድጓድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958) የጎጃምን የደብርና የግብር ቤት አማርኛ አመጡ። ዳኛቸው ወርቁ በ«አደፍርስ» (1962) የይፋትን አነጋገር ሳይፈጩና ሳያበጥሩ አቀረቡ፤ አንባቢው እስከ ዛሬ «ይከብዳል» ይላል፤ ክብደቱ ግን ከመንደሩ አፍ የመጣ ነው። በዓሉ ግርማ ለመጨረሻው መጽሐፉ ከአስመራ ጎዳና «ኦሮማይ» የሚለውን የጣልያን ውላጅ አነሣ፤ 1975 ላይ ታተመ፣ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፣ ደራሲው በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የውቤ በረሃን የሌሊት ቋንቋ እንዳለ ስለጻፈው «ሌቱም አይነጋልኝ» ለብዙ ዓመታት በእጅ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። አዳም ረታ በ«ግራጫ ቃጭሎች»ና ከዚያ በኋላ በመጡት ሥራዎቹ ያጣውን ቃል ራሱ ይሠራል፤ አንዳንዱ ይይዝለታል፣ አንዳንዱ ከመጽሐፉ አይወጣም። ከሁሉም ለእኔ የሚበልጠው የዳኛቸው መንገድ ነው።

የሰለቸውን ቃል የሚደጋግመው ጎራ መዝገብ ደግሞ ይታወቃል። ሴቷ ስትገባ ሰልካካ አፍንጫ፣ መቃ አንገት፣ በረዶ የመሰለ ጥርስ፣ ሎሚ ተረከዝ ይዛ ትገባለች። ይህ ዝርዝር ከዘፈን ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ ፊልም ሲዘዋወር ኖሮ ዛሬ ፊቷን ሊያሳየን አይችልም፤ አንባቢው መቃ አንገት ላይ ሲደርስ አንድ መስመር ይዘላል። ወንዱ «በሐሳብ ጭልጥ ይላል»፣ ከዚያ «ከሰመመኑ ይነቃል»፣ በረጅሙም ይተነፍሳል። እንባ «ዱብ ዱብ» ካላለ እንባ አይባልም፤ ልብም «ድው ድው» ማለቱ አይቀርም። ምዕራፍ የሚከፈተው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው።

በተለይ የ«አለ» ግሶቻችን መታየት አለባቸው። ብድግ አለ፣ ቀና አለ፣ ፈገግ አለ፣ ድንግጥ አለ፣ ጸጥ አለ። አማርኛን ሕያው ከሚያደርጉት አንዱ ይህ ሀብት ነው፤ ለጸሐፊ ግን ወጥመድ ነው። አንድ ገጽ ንግግር ውስጥ ሰዎቹ ሰባት ጊዜ ፈገግ፣ አምስት ጊዜ ቀና ካሉ ንግግሩ ራሱ ደካማ መሆኑን ጸሐፊው ደብቆታል ማለት ነው። ሌላው «ትከሻውን ሰበቀ» ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከጎረፉት የወንጀልና የስለላ ትርጉሞች ጋር የገባ ይመስለኛል፤ የእኛ ሰው «እኔ እንጃ» ለማለት እጁን ይዘረጋል እንጂ እንደ ፊልም መርማሪ ትከሻውን ሲሰብቅ አይውልም።

ቃላቱ እንዲህ የተመሳሰሉበት አንዱ ምክንያት ጆሮ ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» መሰናዶ አንድ ትውልድ መጽሐፍን በድምፅ እንዲያውቅ አድርጓል፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ያልሰማ የዚያ ዘመን ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ትረካ ደግሞ የታወቀ ሐረግ ይወዳል፤ አድማጭ ወደ ኋላ ገልጦ ማንበብ አይችልምና። ያ ለሬዲዮ የሠራ ሐረግ ወረቀት ላይ ሲመጣ ግን ይደክማል።

ወደ ጨዋታው ዓለም ልብ ወለድ ብንሻገር በሽታው ያው ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ሲወጣ አንደኛው ፈጣሪው ጋሪ ጋይጋክስ አቧራ የጠጡ ቃላትን ይወድ ነበር፤ ሌሎችም ተከተሉት። ከእሱ በፊት ኤች ፒ ላቭክራፍት በአስፈሪ ታሪኮቹ «ስም የማይሰጠው» እና «ዘግናኝ» የሚሉትን እስኪያልቅላቸው ተጠቅሞባቸዋል። ዛሬ በየኮምፒውተር ጨዋታው ሰይፉ ሁሉ ጥንታዊ፣ ጫካው ሁሉ የተረገመ፣ ጥላው ሁሉ ጨለማ ነው። የእኛው ቅርብ ዘመድ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» (2001) ነው፤ ገዳም፣ ስውር ጽሕፈት፣ እንቆቅልሽ፣ ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያልፍ ጀግና አለው። መጽሐፉ በሺዎች ተነቧል፤ ተከታዮቹ የወረሱት ግን በአብዛኛው «ምስጢር»፣ «ጥበብ»፣ «ብራና» እና «ኅቡዕ» የሚሉትን ቃላት ነው። ምስጢር የሚለው ቃል በየገጹ ካለ ምስጢሩ የለም።

በአገር ውስጥ የሚሠሩ የስልክ ጨዋታዎች ገና ጥቂት ናቸው፤ ቅኔ ጌምስ ያወጣውን «ኩኩሉ»ን፣ ከገበሬ እጅ የምታመልጠውን ዶሮ፣ ብዙዎች ያውቁታል። የጨዋታ ጸሐፊ ግን ልብ ወለድ ጸሐፊ የማያውቀው አንድ ችግር አለበት። አማርኛ ሲያዝ ጾታ ይጠይቃል፦ «ሩጥ» ወይስ «ሩጪ»? ስልኩን የያዘው ማን እንደሆነ አይታወቅም። «ይሩጡ» ቢል ለአሥር ዓመት ልጅ አንቱታ ይሆናል፤ «መሮጥ» ቢል የመመሪያ ወረቀት ይመስላል። አብዛኛው ሰው ዝም ብሎ ወንድ አድርጎት ያልፋል፤ ስንፍና ነው። በስም መናገር (ሩጫ፣ እንደገና፣ መጀመሪያ) ይሻላል።

ጭሮ ወዳለችበት ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ልመለስ፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እዚያ ነውና። በአማርኛ ልብ ወለድና ድራማ ውስጥ የምሥራቅ ሰው ሲመጣ ስሙ ሳይነገር ይታወቃል፤ «ዋሪያ» ይላል፣ «አቦ» ይጨምራል፣ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል፣ ቸር ነው፣ ነገር አያከርም። በሁለት ቃል አንድ አገር ተሠራ ማለት ነው። ድሬዳዋም ሐረርም ጭሮም ገለምሶም በአንድ አፍ ይናገራሉ። የድሬዳዋ ሰው አንቱታን እንደሸዋው እንደማያበዛ እየታወቀ እንኳ ደራሲው ወጣቱን ለሽማግሌው «እርስዎ» ሲያስብለው ይውላል፤ «ዋሪያ»ን አስገብቶ ሰዋስውን ረሳው።

የሚያሳዝነው ከዚህ አገር ወጥተው መላ ኢትዮጵያን የዞሩ ቃላት መኖራቸው ነው። በርጫ፣ ምርቃና፣ ሀራራ፣ ገራባ፣ ጨብሲ ዛሬ የአዲስ አበባ ወጣት ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው፤ እነሱም በየድርሰቱ ለሱስ ታሪክ ብቻ እየዋሉ ሰለቹ። ጫት ግን በጨርጨር ተራሮች ከሱስ በፊት ማሳ፣ ለቀማ፣ እስር፣ ጭነት፣ ዋጋ ነው። ከለቀማ እስከ ገበያ ያለው ጥድፊያ፣ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ለመድረስ የሚደረገው ሩጫ፣ የሴቶቹ ነጋዴዎች ክርክር ሙሉ ልብ ወለድ ይወጣዋል። ቡናም እንዲሁ፤ ከቅጠሉ ቁጢ የሚያፈላ፣ ፍሬውን በቅቤ አብስሎ ቡና ቀላ የሚያቀርብ ሰው ላለበት አገር ደራሲው «የቡናው ሽታ አወደው» ብሎ ያልፋል።

ጭሮ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ያለች ከተማ ናት፤ ሚኤሶ ቆላው ላይ የባቡሩ፣ የግመሉና የኢሳ ሶማሌው ጎረቤት ናት፤ አሰቦት ገዳም አለ፤ ከበደሳ በኩል የኢቱ ኦሮሞ የገዳ መቀመጫ ኦዳ ቡልቱም አለ፤ ጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲም ስሙን የወሰደው ከሱ ነው። የዚህ አገር ሰው በብዛት ቤቱ ኦሮምኛ፣ ሱቁ አማርኛ፣ ቆላው ሶማልኛ፣ መስጊዱ ዐረብኛ ነው። በአንድ ክርክር ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ለምን እንዳለፈ ያውቃል፤ ለማባበል ሌላ፣ ለመሳደብ ሌላ፣ ለመቁጠር ሌላ። ደራሲ ይህን ማለፊያ ቢሰማ የገጸ ባሕርይውን ስሜት ለመንገር «በንዴት ጦፎ» ማለት አያስፈልገውም፤ ቋንቋ ሲቀይር ብቻ ያሳየናል። አማርኛ ጽሑፋችን ይህን መንገድ እምብዛም አልሞከረውም። የሚፈራው አንባቢ እንዳይገባው ነው። ኦሮማይን ያለ ግርጌ ማስታወሻ የተቀበለ አንባቢ ግን ቁጢንም ይቀበላል።

ምዕራብ ሐረርጌን የሚነካ የእጅ ጽሑፍ ጠረጴዛችሁ ላይ ያላችሁ ጸሐፊዎች፣ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አንድ የገበያ ቀን እዚያው ሒርና ከተማ ዋሉ፤ ስትመለሱ «ዋሪያ»ዎቹን አንድ በአንድ ሰርዙና በቦታቸው የሰማችሁትን ጻፉ።