ካሜራ በዓባይ በረሃ አፋፍ

በመስከረም ከአዲስ አበባ ወደ ደጀን የሚጓዝ ሰው ስልኩን ማውጣት የሚጀምረው ገና ከጎሃ ጽዮን ነው። ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ አሮጌው ድልድይና በጃፓን ዕርዳታ የተሠራው አዲሱ ጎን ለጎን ቆመዋል። ይህን ፎቶ ያልለጠፈ መንገደኛ ጥቂት ነው።

ወፍ ማንሳት ግን ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ክረምቱ ሲወጣ በአደይ አበባው መካከል ጥቁር ላባ ለብሳ ትከሻዋና ወገቧ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ ትታያለች። ይህ ጌጥ የወንዱ ብቻ ነው፤ የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ እሱም እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው መቸኮል አለበት።

ገደሉ ላይ ደግሞ አጥንት ከከፍታ ድንጋይ ላይ ጥሎ ሰባብሮ የሚበላው ጢማም አሞራ ሊያንዣብብ ይችላል። በረራውን ሳይደበዝዝ ለመያዝ የካሜራው መዝጊያ በ1/1,000 ሰከንድ ወይም ከዚያ በፈጠነ ፍጥነት ቢከፈት ይመረጣል። ስልክ ብቻ የያዘ ሰው ምን ያድርግ? ወፏን ትቶ ጤፍ ማሳውን፣ ገበያተኛውን ቢያነሳ ይሻላል፤ ፈቃድ ጠይቆ።

ከሁሉ የሚፈለገው በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው፣ በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች የሚኖረው የሃርዉድ ቆቅ ነው። ሳይንስ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሚሸሸግ ብዙ ጊዜ ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል። ንጋት ላይ፣ ሲጮህ፣ ለመነሳት የሰነፈ ሰው አያገኘውም።