ደም መጣጩ ለምን አፍቃሪ መሰለን?

ወገኖቼ፣ ጠዋት አሞራ ገደል ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን አስጠግተው ቆሮሶና አምባዛ ሲያወርዱ፣ ልጆች ዓሣውን ሲያጸዱ፣ አባ ኮዳ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ክንፉን እንደ ኮት ደርቦ፣ ረጋ ብሎ፣ ጨዋ ሽማግሌ መስሎ። የሚጠብቀው ግን አጥማጁን ወዶ አይደለም፤ የዓሣውን ሆድ ዕቃ ፈልጎ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በቅርቡ አንዲት የመዘምራን ልጅ፣ «ፓስተር፣ እየጸለይኩ እንኳ ሐሳቤ ፊልሙ ላይ ነው» አለችኝ። ፊልሙ የቫምፓየር ፍቅር ነው። እውነቱን ልናገር፣ አፌ ላይ የመጣው «አጥፊው!» የሚል ነበር። ዋጥ አደረግሁትና፣ «ምኑ ነው የሳበሽ?» አልኳት። «ከሁሉ መሐል እሷን ብቻ ነው ያያት» አለችኝ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1897 ብራም ስቶከር «ድራኩላ»ን ሲጽፍ፣ ደም መጣጩ ሰዎች ተባብረው የሚያሳድዱት ጠላት ነበር። በ2005 የወጣው የስቴፈኒ ሜየር «ትዋይላይት» ግን አፍቃሪ አደረገው። ቤላ ከፀሐያማዋ ፊኒክስ ተነሥታ፣ ዝናብ ወደሚበዛባት ወደ ትንሿ ፎርክስ፣ የፖሊስ አዛዥ ወደሆነው አባቷ ትመጣለች። ኤድዋርድ ደሟን ይመኛል፤ ግን ራሱን ይገታል። ከ2009 እስከ 2017 በታየው «ዘ ቫምፓየር ዳየሪስ» ደግሞ ኤሌና እናት አባቷን በመኪና አደጋ ያጣች ልጅ ናት። በከተማዋ ሰው ሲሞት «አውሬ ነው» ይባላል፤ የከተማው ነባር ቤተሰቦች ግን ምስጢሩን ያውቃሉ።

ታዲያ ለምን ይስባል? ሦስት ነገር ልበላችሁ።

አንደኛ፣ ትንሽ ከተማ። ሁሉ ሰላም ይባባላል፣ በየቤቱ ያለውን ግን ማንም አይናገርም። ይህ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? አያቶቻችን ማታ የቡዳ ወሬ ሲያወሩ ልባችንን የሰቀለው እኮ «ከመካከላችን ማን ይሆን?» የሚለው ነው። በዚያ ወሬ ሰበብ ግን ስንት ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ተገለለ!

ሁለተኛ፣ መመረጥ። ኀዘን የደረሰባት፣ አዲስ ሰፈር የገባች፣ ቤቷ ውስጥ ማንም «እንዴት ዋልሽ?» የማይላት ልጅ፣ አንድ ሰው ለይቶ ሲያያት ትቀልጣለች።

ሦስተኛ፣ ብርቱው ራሱን መግዛቱ። ሊጎዳት ይችላል፣ አይጎዳትም። ደራሲዋ ሁለቱን እስኪጋቡ ድረስ ታቆያቸዋለች። ራስን መግዛት የመንፈስ ፍሬ አይደለም ወይ (ገላ. 5፥23)? ስለዚህ ልጆቻችንን አንስደባቸው፤ የራባቸው መልካም ነገር ነው።

መርዙ ሌላ ቦታ ነው። ኤድዋርድ ሳታውቅ በሌሊት ክፍሏ እየገባ፣ ተኝታ ያያታል። ታሪኩ ይህን እንደ ፍቅር ያቀርበዋል። ልጅቷን፣ «እዚህ ሐዋሳ አንድ ጎረምሳ ስልክሽን እየበረበረ፣ የሄድሽበትን እየተከተለ 'ስለምወድሽ ነው' ቢልሽስ?» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ «እንዲህ የሚያደርገኝ አለ። ፍቅር መስሎኝ ነበር» አለች። ወገኖቼ፣ «አጥፊው» ብዬ ሸኝቻት ቢሆን ኖሮ ይህን አልሰማም ነበር። ዛሬ ከባለቤቴ ጋር እየተገናኘች ትመክራለች፤ ከልጁም ርቃለች።

ደም መጣጭ የሚኖረው በሌላው ደም ነው፤ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው ያው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያሳየን ፍቅር ግን ራሱን አሳልፎ የሰጠውን ነው (ኤፌ. 5፥25)። መለኪያው ይኸው ነው፦ ይሰጣል ወይስ ይወስዳል?

ወላጆች፣ ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት አጠገቧ ተቀመጡና «ምኑ ሳበሽ?» በሉ። መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ። ቤቷ ውስጥ የሚያያት ካለ፣ መስኮት ላይ የቆመውን አትናፍቅም።

አንቺም እህቴ፣ አሞራ ገደልን አስቢ። አባ ኮዳም ይጠብቃል፣ እረኛም ይጠብቃል። አንዱ የሚጠብቀው የሚወስደውን ነው፤ ሌላው የሚጠብቀው አንቺን ነው። ዛሬ ደጅሽ የቆመው የትኛው ነው?