ምላጭ ከማንሳትዎ በፊት፤ የውስጥ እግር ኪንታሮትን ይወቁት

ጠዋት ከአልጋዎ ወርደው ወለሉን ሲረግጡ ጠጠር የረገጡ ያህል ተሰምቶዎት ያውቃል? ጫማዎን አውልቀው ቢያራግፉ ጠጠር የለም፤ ካልሲዎን ቢገለብጡም ምንም አያገኙም። በመጨረሻ ውስጥ እግርዎን ወደ ብርሃን አዙረው ሲመለከቱ ተረከዝዎ ላይ ወይም ከጣቶችዎ ሥር ባለው ወፍራም ቆዳ ላይ ትንሽ፣ ሸካራና ጠንካራ ነገር ወጥቶ ያያሉ። ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ «ይተወኛል» ብለን ችላ እንላለን፤ ወይ ምላጭ አንስተን ቆርጠን ልንጥለው እንሞክራለን። የመጀመሪያው አንዳንዴ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን መቼም ቢሆን ትክክል አይደለም። ለምን? በዛሬው የጤና ዓምዳችን ስለ ውስጥ እግር ኪንታሮት ምንነት፣ መከላከያና ሕክምና እናነሳለን።

ሁለት ሕመም በአንድ ስም

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በአማርኛ «ኪንታሮት» ብለን የምንጠራቸው ሕመሞች ሁለት ናቸው፤ እርስ በርስም አይገናኙም። አንደኛው በፊንጢጣ አካባቢ ያሉ የደም ሥሮች ሲያብጡ የሚፈጠረው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በእጅ፣ በእግር፣ በፊትና በሌላም የሰውነት ክፍል ቆዳ ላይ የሚወጣው ነው። መንስኤያቸውም ሆነ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

ይህ የስም መመሳሰል ቀላል ጉዳይ አይደለም። መድኃኒት ቤት ገብተው «የኪንታሮት መድኃኒት ስጡኝ» ቢሉ ባለሙያው ለፊንጢጣ የሚሆነውን ቅባት ሊሰጥዎት ይችላል። እሱን እግርዎን ቢቀቡት ከወጪ በቀር ምንም አያተርፉም። የባሰው ተቃራኒው ነው። የእግር ኪንታሮትን ለመላጥ የተዘጋጀ አሲድ ስስ በሆነው የፊንጢጣ አካባቢ ቢደረግ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ያቆስላልም። ስለዚህ መድኃኒት ሲጠይቁ የወጣበትን ቦታ ሳያፍሩ ይናገሩ።

መንስኤው ምንድን ነው?

በልጅነታችን «ኮከብ ከቆጠርክ ኪንታሮት ይወጣብሃል» ሲባል ሰምተን ያደግን አለን። እውነተኛው መንስኤ ግን ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ የሚባል ተሐዋሲ ነው። ይህ ቫይረስ ከ200 በላይ ዓይነቶች አሉት። በውስጥ እግር ላይ ኪንታሮት ከሚያወጡት መካከል በቁጥር 1፣ 2 እና 4 የሚታወቁት ይጠቀሳሉ።

ቫይረሱ የሚገባው በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ስንጥቆችና ጭረቶች በኩል ነው። ከገባ በኋላ በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ ተቀምጦ የቆዳው ሕዋሳት ከልክ በላይ እንዲራቡና እንዲጠነክሩ ያደርጋል። እጅ ላይ ሲሆን ወደ ውጭ ጎልቶ ይወጣል። ውስጥ እግር ላይ ሲሆን ግን ስንቆምና ስንራመድ የሰውነታችን ክብደት ስለሚጫነው ወደ ውስጥ ይገፋል። ጠጠር የረገጥን ያህል የሚያመንም ለዚህ ነው።

ቫይረሱ ከገባበት ቀን አንስቶ ኪንታሮቱ እስኪታይ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይፈጃል፤ ከዚያ በላይ የሚቆይበትም ጊዜ አለ። በመሆኑም «ከየት ያዘኝ?» ለሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት ማስወገድ ያስፈልጋል። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውም ቫይረስ ከዚሁ ቤተሰብ መሆኑን የሰሙ ሰዎች ይደነግጣሉ። ቤተሰቡ አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቶቹ የተለያዩ ናቸው። የተለመደው የውስጥ እግር ኪንታሮት ወደ ማህፀን በር ካንሰር አይለወጥም። በሀገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባትም የማህፀን በር ካንሰርን ለመከላከል እንጂ ለእግር ኪንታሮት የታሰበ አይደለም። ልጅዎን ማስከተብዎን በዚህ ምክንያት እንዳይተዉ።

እንዴት ይተላለፋል?

ቫይረሱ ሙቀትና እርጥበት ይወዳል። የጋራ መታጠቢያ ቤት፣ የመዋኛ ገንዳ ዳርቻ፣ የስፖርት ቤቶች ልብስ መቀየሪያና የእንፋሎት መታጠቢያ በባዶ እግር ሲረገጡ ለመተላለፍ ምቹ ናቸው። በውሃ የራሰ ቆዳ ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ቆዳ ደግሞ በቀላሉ ይሰነጠቃል።

ሩቅ ሳንሄድ ቤታችን ውስጥ እንመልከት። መታጠቢያ ቤት በር ላይ የምትቀመጠው አንዲት ነጠላ ጫማ የቤቱ ሰው ሁሉ፣ እንግዳም ጭምር፣ የሚያጠልቃት ናት። ተረከዝ የምንፈትግበት ድንጋይም እንደዚሁ የሁሉም ነው። ኪንታሮት ያለበት ሰው የፈተገበት ድንጋይ ላይ የተላጠ ቆዳ ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚጠቀመው ሰው ደግሞ ቆዳውን ሲፈትግ ለቫይረሱ በር ይከፍታል። በውበት ሳሎን እግር ሲያሠሩም መሣሪያው ከሰው ሰው ሳይጸዳ እንደማይተላለፍ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ቫይረሱ የነካው ሰው ሁሉ ግን ኪንታሮት አይወጣበትም። ሕፃናትና ወጣቶች፣ እግራቸው በላብ የሚርስ ሰዎች፣ እንዲሁም በሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ኪንታሮት መሆኑን በምን ይለያሉ?

እግር ላይ የጠነከረ ነገር ሁሉ ኪንታሮት አይደለም። ከመታከም መለየት ይቀድማል።

ኪንታሮት ሸካራ ነው። ውስጥ እግራችን እንደ ጣት አሻራ ያለ መስመር አለው፤ ይህ መስመር ኪንታሮቱ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። ከላዩ ላይ ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። አንዳንዶች እነዚህን ቆሻሻ ወይም «ሥር» ይሏቸዋል፤ እውነታው ግን ደም የረጋባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች መሆናቸው ነው። ኪንታሮት ከጎንና ከጎኑ በሁለት ጣት ሲቆነጠጥ ያማል።

ጫማ ሲፋተግ የሚፈጠረው የጠነከረ ቆዳ ደግሞ ከላይ ቀጥታ ሲጫኑት ነው የሚያመው። መስመሩ በላዩ ያልፋል፤ ጥቁር ነጠብጣብም የለውም። መፍትሔውም ጫማ መቀየር ነው።

ሙጀሌን የሚያውቁ አንባቢያን እሱንም ያስታውሱ። ሙጀሌ እግር ውስጥ የምትገባ ቁንጫ ናት። ነጣ ያለ እብጠት ሆኖ መሐሉ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ይኖረዋል፤ ያሳክካል፤ በቀናት ውስጥም ያድጋል። ኪንታሮት ግን በሳምንታትና በወራት ነው የሚያድገው።

በጥብቅ ልናስጠነቅቅ የምንወደው አራተኛውን ነው። ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ እምብዛም ባይከሰትም ሲከሰት ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር ነው። ዝነኛው ጃማይካዊ ድምፃዊ ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ ሕይወቱን ያጣው በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ በዚህ ካንሰር ነው። በመጀመሪያ የእግር ኳስ ጉዳት ተደርጎ ታስቦ ነበር። ስለዚህ የሚሰፋ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ሳይነካ የሚደማ ወይም ቆስሎ የማይድን ነገር እግርዎ ላይ ካዩ «ኪንታሮት ነው» ብለው አይቀመጡ፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያሳዩት።

ምላጩን ያስቀምጡ

«ሥሩን ነቅዬ ልገላገለው» የሚል ሐሳብ የተለመደ ነው። ኪንታሮት ግን ሥር የለውም፤ የሚኖረው በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ ብቻ ነው። በምላጭ ሲቆረጥ ይደማል፤ ቫይረሱ ጤነኛ ወደነበረው ቆዳ ይዛመታል፤ አንድ የነበረው ብዙ ይሆናል። ቁስሉ መግል ሊቋጥር ይችላል። ያልጸዳ ስለት የመንጋጋ ቆልፍ ሊያስከትል ይችላል፤ ምላጩን ሌላ ሰው ከተጠቀመበት ደግሞ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ የመተላለፍ ዕድል ያገኛሉ።

በጋለ ብረት መተኮስ፣ የባትሪ አሲድ መቀባት፣ የቁልቋል ወተት ማንጠባጠብም እንዲሁ አደገኛ ናቸው። አሲዱና ወተቱ ኪንታሮቱን ከጤነኛው ቆዳ ለይተው አያቃጥሉም። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ውስጥ እግር ላይ የሚቀር ጠባሳ ዕድሜ ልክ የሚረገጥ ጠባሳ መሆኑንም አይዘንጉ።

ሕክምናው

ብዙ ኪንታሮት ያለ ሕክምና ይጠፋል። በልጆች ላይ ከወጣው ውስጥ ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይለቃል። በአዋቂዎች ላይ ይዘገያል። ካላመመና ካልተስፋፋ፣ ባለቤቱም ጤነኛ ከሆነ፣ መጠበቅ አንድ አማራጭ ነው።

ለሚያምና ለሚስፋፋ ኪንታሮት ቀዳሚው መድኃኒት ሳሊሲሊክ አሲድ ነው። ለእግር ኪንታሮት የሚውለው ጥንካሬ ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 40 በመቶ ነው፤ የሚስማማዎትን የመድኃኒት ባለሙያውን ያማክሩ። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ እግርዎን ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። የለሰለሰውን የሞተ ቆዳ ለዚሁ ብቻ በተመደበ ሞረድ ሳያደሙ ይፈግፍጉ። እግርዎን በደንብ ያድርቁ። በኪንታሮቱ ዙሪያ ያለውን ጤነኛ ቆዳ ቫዝሊን ይቀቡ። ከዚያም መድኃኒቱን ኪንታሮቱ ላይ ብቻ ያድርጉ። ይህንን በየቀኑ እስከ 12 ሳምንት ድረስ ይቀጥሉ። ከቀላ ወይም ካቃጠለዎት ጥቂት ቀን አሳርፈው ይጀምሩ። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው በሁለተኛው ሳምንት ስለሚያቆመው ነው። የዚህ መድኃኒት ግማሽ ኃይሉ ትዕግሥት ነው።

በዚህ ካልተሻለ በጤና ተቋም በፈሳሽ ናይትሮጅን የማቀዝቀዝ ሕክምና ይሰጣል። ፈሳሹ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀዘቀዘ ነው። በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ ይደጋገማል፤ ያማል፤ ውሃ ሊቋጥርም ይችላል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ነጣ ወይም ጠቆር ያለ ምልክት የሚተውበት ጊዜ አለ። በውስጥ እግር ኪንታሮት ላይ ከሳሊሲሊክ አሲድ ግልጽ ብልጫ እንዳለው አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ ርካሹን መጀመሪያ በአግባቡ መሞከር ኪሳራ የለውም። ከነዚህ በኋላም ለማይለቅ ኪንታሮት የቆዳ ስፔሻሊስት የሚያዝዛቸው ሌሎች ሕክምናዎች አሉ። በአዲስ አበባ አለርት፣ በደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታሎች በቆዳ ሕክምና የሚታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን ምርመራ በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል።

በቤት ውስጥ መሞከር የሌለባቸው

የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ወይም በማንኛውም ምክንያት እግርዎ የሚደነዝዝ ከሆነ ይህንን መድኃኒት በራስዎ አይጀምሩ። ሕመም የማይሰማው እግር በአሲድ ሲቃጠል ባለቤቱ አያውቅም። ትንሽ ቁስል ሳይታወቅ ሰፍቶ እግር እስከማስቆረጥ የሚደርስበት ሁኔታ አለ። ነፍሰ ጡሮችም አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ኪንታሮቱ እየበዛ ለሕክምና አልበገር ካለም የሰውነት የመከላከል አቅም ተዳክሞ ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

እንዴት እንከላከለው?

በጋራ መታጠቢያና በመዋኛ አካባቢ የራስዎን ነጠላ ጫማ ያድርጉ። ፎጣ፣ ካልሲ፣ ጫማና መፈተጊያ ድንጋይ አይዋዋሱ። እግርዎን ታጥበው በጣቶች መሐል ጭምር ያድርቁ። በክረምት ካልሲዎ ከራሰ ይቀይሩ፤ ጫማዎን በየተራ ያናፍሱ። የተሰነጠቀ ተረከዝ ካለዎት ቅባት በመቀባት ያለስልሱ። ኪንታሮት ያለበት ልጅ ትምህርትም ሆነ ጨዋታ መተው አያስፈልገውም፤ ሲዋኝ በማይረጥብ ፕላስተር መሸፈን ይበቃል። ኪንታሮቱን ከነኩ በኋላ እጅዎን ይታጠቡ።

ውድ አንባቢያን፣ ፊታችንን በቀን ስንት ጊዜ በመስታወት እናያለን፤ ቀኑን ሙሉ የሚሸከመንን ውስጥ እግራችንን ግን የምናየው ሲያመን ብቻ ነው። ዛሬ ማታ እግርዎን ሲታጠቡ አንድ ጊዜ ገልብጠው ይመልከቱት። የልጆችዎንም፣ ጎንበስ ብለው ማየት የማይችሉትን የእናት የአባትዎንም ይመልከቱላቸው።