ክሎሪን ፍሎሪንን የሚያስከነዳበት ጉዳይ

ኤሌክትሮን ሲቀበል ከንጥረ ነገሮች ሁሉ ብዙ ኃይል የሚለቀው የትኛው ነው? ብዙ ተማሪ ሳያመነታ «ፍሎሪን» ይላል። መልሱ ግን ክሎሪን ነው።

ኤሌክትሮን አፊኒቲ የሚባለው ይኸው ነው፦ በጋዝ መልክ ለብቻው ያለ አቶም አንድ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ኔጌቲቭ አዮን ሲሆን የሚለቀው ኃይል። የክሎሪን በሞል 349 ኪሎጁል፣ የፍሎሪን 328 ነው። አንዳንድ መጻሕፍት ይህንኑ ቁጥር በኔጌቲቭ ምልክት ስለሚጽፉት ከማነጻጸር በፊት ምልክቱን ማየት ይበጃል።

በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሲኬድ የአስኳሉ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይጨምራል፤ አቶሙም ይጠባል። ስለዚህ ኤሌክትሮን የመሳብ አቅሙ በጥቅሉ ያድጋል፤ ሶዲየም 53 ላይ ሆኖ የረድፍ ጓደኛው ክሎሪን 349 ይደርሳል። ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ አዲሱ ኤሌክትሮን ከአስኳሉ ርቆ ስለሚያርፍ ቁጥሩ ይቀንሳል፦ ብሮሚን 325፣ አዮዲን 295።

«በጥቅሉ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ማግኒዚየም የውጭ ንዑስ ሼሉ ስለሞላ ተጨማሪ ኤሌክትሮን ይዞ አይቆይም። ናይትሮጂንም ሦስቱ ፒ ኦርቢታሎቹ አንድ አንድ ኤሌክትሮን ይዘው ተደላድለዋል፤ እንግዳ ቢመጣ ከአንዱ ጋር መዳበል ግድ ይሆንበታል። ኒዮንና አርጎንማ በራቸው ዝግ ነው።

ፍሎሪንን በክሎሪን ያስበለጠው ጥበቱ ነው። በትንሹ ሁለተኛ ሼሉ ውስጥ ሰባት ኤሌክትሮኖች ተፋፍገዋል፤ ስምንተኛውን አስኳሉ ቢስበውም ነባሮቹ ይገፉታል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ አንድ ሰው የሚጨምርበትን ሚኒባስ ታክሲ ማሰብ ነው። ክሎሪን አንድ ሼል ስለሚበልጥ ሰፋ ይላል። ኦክስጅን (141) ከሥሩ ባለው ሰልፈር (200) የሚበለጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ግን ፍሎሪንን ደካማ አያደርገውም፤ ሁለቱን የፍሎሪን አቶሞች ያያያዘው ቦንድ በቀላሉ ስለሚበጠስ በአጸፋ ፍጥነትና ጉልበት ክሎሪን አይደርስበትም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ወርቅ ነው። ሜታል ኤሌክትሮን ይሰጣል እንጂ አይቀበልም ተብሎ ይለመዳል፤ የወርቅ ግን 223 ነው፣ ከሰልፈርም ይበልጣል። ኤሌክትሮኑን በቀላሉ ከሚለቀው ሲዚየም ጋር ሲዋሃድ ወርቅ ራሱ ኔጌቲቭ አዮን ይሆናል። ውሁዱ ሲዚየም ኦራይድ ይባላል፤ እንደ ሜታል ሳይሆን እንደ ሰሚኮንዳክተር ነው የሚሠራው።

በክሎሪን ዓምድ ከአዮዲን በታች ያለው አስታቲን ለረጅም ጊዜ ሳይለካ ቆይቷል። እጅግ ብርቅ ነው፤ ከሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው አይሶቶፑ እንኳ በ8 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በጄኔቭ አቅራቢያ ባለው በሰርን የአይሶልድ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች የአስታቲን ኔጌቲቭ አዮኖችን በሌዘር እየመቱ፣ ትርፉ ኤሌክትሮን የሚነቀልበትን ኃይል ለዩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2020 ታተመ፦ 233 ኪሎጁል በሞል።