የቆጋ ውሃ ዳኛ ይፈልጋል

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ መርዓዊ ከተማ ይደረሳል። ከከተማዋ ጥግ የተንጣለለው ሐይቅ መሰል ውሃ የቆጋ ግድብ ነው። የቆጋ ወንዝ ከደጋው ተራሮች ተነስቶ ግልገል አባይን ይቀላቀልና ጣና ይገባል፤ ግልገል አባይ ደግሞ ጣናን ከሚመግቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ነው። መንግሥት ከአፍሪካ ልማት ባንክ ባገኘው ብድር ይህን ወንዝ ገድቦ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ አቆረ። ከግድቡ በታች ያለው 7 ሺህ ሄክታር መሬት በበጋ እንዲለማም ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋና ቦይ ተዘረጋ። ስለ ቆጋ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት እነዚህ ቁጥሮች ናቸው። የቆጋን ገበሬ ኑሮ የሚወስነው ግን ውሃውን ማን ይከፍታል፣ ማን ይዘጋል፣ ሁለት ሰዎች ሲጣሉበት ማን ይዳኛል የሚለው ነው። በዚህ በኩል ሥራው ገና ከግማሽ አላለፈም ብዬ አምናለሁ።

ግድቡ ያለበት የሜጫ ወረዳ ከጎጃም ለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ290 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበት ነበር፤ አብዛኛውም ገበሬ ነው። በኋላ ወረዳው ሰሜን ሜጫና ደቡብ ሜጫ ተብሎ ተከፈለ። አፈሩ ቀይ ነው፤ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ጤፍ ያበቅላል። ዝናቡም ብዙ ነው፤ ችግሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም በክረምቱ ወራት መውረዱ ነው። ስለዚህ የገበሬው ዓመት ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ክረምት ሥራ፣ በጋ ደግሞ ጥበቃ። መስኖው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ይህ ተለወጠ። በጥርና በየካቲት፣ ሌላው አገር በደረቀበት ወቅት፣ የቆጋ መስክ በስንዴ፣ በድንችና በሽንኩርት ይለመልማል። ለውጡ ያለ ዋጋ አልመጣም። ግድቡ የዋጠው የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር፤ ከግድቡ በታች ያለው ገበሬም ለቦዩ መንገድ መሬቱን ለቋል፣ ይዞታም እንደገና ተደልድሏል። የቆጋ ሰው ለዚህ ውሃ አስቀድሞ ከፍሏል ማለት ነው፤ በውሃው አስተዳደር ላይ ድምፅ ይገባዋል የሚባለውም በቸርነት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃው ከግድቡ ተነስቶ እስከ ማሳ የሚሄድበትን መንገድ ጠጋ ብሎ ማየት ነገሩን ያስረዳል። ዋናው ቦይ ሌሊትና ቀን ይፈስሳል። የሌሊቱ ፈሳሽ እንዳይባክን የመስኖው መሬት በተከፈለባቸው ብሎኮች መግቢያ የማታ ማጠራቀሚያ ኩሬ ተሠርቷል፤ ገበሬው በቀን የሚያጠጣው ከዚያ ነው። ብሎኮቹ 12 ናቸው። ከየኩሬው ሁለተኛ ደረጃ ቦይ ይነሳል፣ ከእርሱ ሦስተኛው፣ በመጨረሻም ገበሬው በአካፋ ጭቃ እየከመረ የሚዘጋውና የሚከፍተው ትንሽ የአፈር ቦይ ይመጣል። የብረት በሩና ሲሚንቶው ከላይ ነው፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን እዚህ አካፋው ላይ ነው። ግድቡ የያዘው ውሃ ለመሬቱ ቢካፈል ለአንድ ሄክታር 12 ሺህ ሜትር ኩብ አይሞላም። ከዚህ ላይ በፀሐይ የሚተነው፣ ከተሰነጠቀ ቦይ የሚሰርገው፣ በሣርና በደለል ተዘግቶ በየመንገዱ የሚፈሰው ይቀነሳል። የተረፈው ለአንድ በጋ የሚበቃው ሁሉም በተራው፣ የድርሻውን ብቻ ሲወስድ ነው። ከቦዩ ራስ ያለው ገበሬ ማሳው ሲረካ ካልዘጋ፣ ከጫፍ ያለው ሰው ጠፍ መሬት ይታቀፋል። የጫፉ ሰው በሌሊት ተነስቶ በሩን ሲከፍት ደግሞ ጠብ ይነሳል። ቃዳ በአካባቢው ትንሽ የመሬት መለኪያ ነው፤ የእነዚህ የአንድ ቃዳ፣ የሁለት ቃዳ መሬት ጠቦች ድምር የመስኖውን ውጤት ይወስናል።

ይህ ዳኝነት ለጎጃም ገበሬ እንግዳ አይደለም። ግድብ ሳይታሰብ ወንዝ ጠልፈው ሲያጠጡ የኖሩ ሰዎች የውሃ አባት ይመርጡ ነበር። የውሃ አባት ተራ ያስይዛል፣ ቦይ የሚጠረግበትን ቀን ይቆርጣል፣ ያልወጣውን ይቀጣል፣ የተጣላውን ያስታርቃል። የሚከበረውም ሁሉም የሚያውቀው፣ እርሱም ሁሉንም የሚያውቅ የሰፈር ሰው ስለሆነ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ያወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ለዚህ ዓይነቱ አደረጃጀት ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቷል። ማኅበር አባላቱን መዝግቦ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ፣ ክፍያ ሰብስቦ ቦዩን ራሱ እንዲጠግን ፈቅዷል። ሕጉ ጥሩ ነው። ነገር ግን በሩን የሚከፍተው ሰው ለመሥሪያ ቤት እንጂ ለአጠጪው ተጠያቂ ካልሆነ፣ የውሃ አባቱም ቀኑን ሙሉ ቦይ ሲዞር ውሎ ባዶ እጁን ከገባ፣ ማኅበሩ በማኅተም ብቻ ይቀራል።

በዚህ ጉዳይ ከሩቅ አገር የምንማረው አለ። የኢንዶኔዢያዋ የጃቫ ደሴት በስፋት ከአማራ ክልል ታንሳለች፤ ሕዝቧ ግን ከ150 ሚሊዮን ይበልጣል። ያን ሁሉ ሰው ካኖሩት ነገሮች አንዱ በመስኖ የሚለማው ሩዝ ነው። በጃቫ መንደር ከመንደሩ ሹማምንት አንዱ የውሃ ሹም ነበር፤ ኡሉ-ኡሉ ይሉት ነበር። ሥራው ውሃን ከማሳ ማሳ ማካፈል ነበር። በብዙ መንደሮች ድካሙ በከንቱ አይቀርም ነበር፤ ከመንደሩ የወል መሬት የሚያርሰው ይሰጠዋል፣ ወይም ከአጠጪዎቹ አዝመራ ድርሻ ያገኛል። የውሃ ዳኝነት እዚያ ደመወዝ ያለው የታወቀ ሥራ ነበር። ቆጋ ላይ የጃቫን ሥርዓት እንትከል አልልም፤ የእኛ የውሃ አባት አለን። የጎደለው ለዳኛው ከውሃ ክፍያው የተቆረጠ ድርሻ መስጠት፣ በምላሹም ሲያዳላ የሚሽረውን ጉባኤ በአጠጪዎቹ እጅ ማድረግ ነው።

ይህን ሲሰሙ «የቆጋ ችግር ገበያ እንጂ ውሃ አይደለም» የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሽንኩርትና ድንች በአንድ ሳምንት አብረው ሲወጡ ዋጋቸው ይወድቃል፤ ገበሬው የማዳበሪያውን እንኳ ሳይመልስ ይቀራል። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚዘራውና የሚያነሳው አንዱ ምክንያት በሚቀጥለው ወር ተራው መድረሱን ማመን ስለማይችል ነው። ውሃ መቼ እንደሚደርሰው በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው ዘሩን ያፈራርቃል፣ አንዱን ቃዳ ቀድሞ ሌላውን ዘግይቶ ይተክላል። እንደ አቮካዶ ያለ፣ እስኪያፈራ ዓመታት የሚወስድ ተክል የሚተክለውም የነገ ውሃውን ካመነ ነው። በወረዳው የእርሻ መሬት ሁሉ ባሕር ዛፍ የመስፋፋቱ አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል። ባሕር ዛፍ ተራ አይጠብቅም፤ ዳኛ የማይፈልግ ሰብል ነው። ስለዚህ ገበያውን ማስተካከልም ከቦዩ ይጀምራል።

ሌላው ተቃውሞ ከባለሙያዎች ይመጣል፤ 7 ሺህ ሄክታር ወንዝ እንደ መጥለፍ አይደለም፣ የግድብ ሥራ እውቀት ይፈልጋል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግድቡንና ዋናውን ቦይ የመንግሥት መሐንዲሶች ይያዙ። ከማታ ማጠራቀሚያው በታች ያለው ግን የሂሳብ ሳይሆን የጉርብትና ሥራ ነው፤ በዚያ ላይ ገበሬውን የሚበልጥ ባለሙያ የለም። ጉልበተኛው ማኅበሩን ይቆጣጠረዋል የሚለው ስጋት ግን ያሳስበኛል። ለዚህ ማኅበሩ የቦዩ ጫፍ ሰዎችና በራሳቸው ስም መሬት ያላቸው ሴቶች በኮሚቴው ወንበር እንዲኖራቸው በደንቡ ማስገደድ ይገባዋል። ከግድቡ በላይ ያለውን ገበሬ ደግሞ ማንም አያስታውሰውም። እርከን የሚሠራው፣ ከብቱን ከወል ግጦሹ አውጥቶ ቦረቦሩ እንዲያገግም የሚተወው እርሱ ነው፤ የበጋ ሽንኩርት ግን አያይም። የእርሱ እርከን ከፈረሰ ደለሉ ግድቡን ይሞላል። ከታች ከሚሰበሰበው የውሃ ክፍያ ለላይኛው ተፋሰስ ድርሻ መቆረጥ አለበት።

ይህ ሁሉ ሰላም ይፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ የአማራ ክልል በጦርነት ውስጥ ቆይቷል። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመርዓዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አረጋግጧል። ሰው ከቤቱ ለመውጣት በሚፈራበት ቀዬ ማንም በሌሊት ቦይ አይጠብቅም፣ ለጉባኤም አይሰበሰብም። ለተገደሉት ፍትሕ፣ ለቀሩት ደኅንነት ይቅደም። ከዚያ በኋላ የክልሉ መንግሥት ከማታ ማጠራቀሚያዎቹ በታች ያሉትን በሮች ቁልፍ ከነክፍያው ለማኅበራቱ ያስረክብ፤ የላይኛው ተፋሰስ ገበሬም በዚያ ጉባኤ ላይ ወንበር ይሰጠው።