ወረቀት የሌለው ተከራይ

ከእኛ መካከል በቃል ብቻ ተስማምተን ቤት የተከራየን ስንቶቻችን እንሆን?

እኔና እህቴ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ሦስት ዓመት ኖረናል። ውል የሚባል ነገር አልነበረንም። ደላላው አገናኘን፣ እህቴ የመጀመሪያውን ወር ከፈለች፣ እማማ ቁልፉን ሰጡን፤ በቃ። ባለፈው ዓመት የፈተና ሰሞን ግን እማማ በር ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ልጄ ሊያገባ ነው፤ በአሥር ቀን ውስጥ ልቀቁልኝ» አሉን። እህቴ «ወረቀት የለን፣ ምን መብት አለን?» ብላ ዕቃ መሸከፍ ጀመረች። እኔ ደግሞ ጋዜጠኛ እሆናለሁ እያልኩ እንዴት ዝም እላለሁ ብዬ ሕጉን ማገላበጥ ያዝኩ።

ያገኘሁት እንዲህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1719፣ ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በስተቀር ውል በጽሑፍ መሆን ግዴታ አይደለም ይላል። ስለዚህ የቃል ኪራይም ውል ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ግን ነገሩን ቀየረው። አዋጁ በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። የፍትሐ ብሔሩ አንቀጽ 1720 ደግሞ ሕግ ያዘዘው ፎርም ካልተሟላ የተደረገው ረቂቅ ብቻ ነው ስለሚል፣ በቃል የቀረ ተከራይ ሙግቱ ይከብደዋል ማለት ነው። አከራዩስ ቢሆን ኪራዩ ስንት እንደነበር በምን ያስረዳል?

ሆኖም ወረቀት የለም ተብሎ የሰው ዕቃ ደጅ አይጣልም። አልለቅም ያለ ተከራይ የሚወጣው በፍርድ ቤት እንጂ በጉልበት አይደለም።

እኛ ፍርድ ቤት አልሄድንም። እህቴ በየወሩ የከፈለችውን የምትጽፍበት፣ እማማም የሚፈርሙበት አንድ አሮጌ ደብተር ነበራት። ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች እሱን አይተው አነጋገሩንና ሁለት ወር ተሰጠን። ፈተናዬን ተፈትኜ ወጣን። አዲሱን ቤት ስንይዝ ግን መጀመሪያ ውሉን ጽፈን ወረዳ አስመዘገብን፤ ቁልፉን የተቀበልነው ከዚያ በኋላ ነው።

እናንተም ደረሰኛችሁን አትጣሉ፤ ውሉን ግን ዛሬውኑ ጻፉ። ቸር ያሰንብተን።